ዶልፊን፣ ሃርድቶፕ፣ ኮስተር ወይስ አይሱዙ? ለጡረታ ጉዞ ያገለገለ የናፍጣ መኪና አመራረጥ

በጡረታ ዘመን ውስጡ እያደሩ ለመጓዝ የትኛው ያገለገለ መኪና ይሻላል? ለሚቸኩል አንባቢ መልሱን እናስቀድም። ሁለት ሆነው በዓመት ሁለት ሦስቴ ለጥቂት ቀናት ለሚወጡ ሰዎች 5ኤል ሞተር ያለው ዶልፊን ወይም አባዱላ ይበቃል። ወር ሙሉ ከቤቱ ርቆ የሚከርምና መኪናው ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም የሚፈልግ ኮስተር ይግዛ። መድረሻው ግሸን፣ ጀማ ንጉሥ ወይም አስፋልት ያልደረሰበት የትውልድ ቀዬ ከሆነ ሃርድቶፕ ነው። አይሱዙ ኤንፒአር ላይ ሳጥን ቤት ማሠራት ሲያወሩት ያምራል፤ ለጡረተኛ ግን አንመክረውም።

ከፋብሪካው አልጋና ማብሰያ ይዞ የመጣ መኪና ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ገበያ ላይ ፈልጎ ማግኘት ዘበት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሁሉ ያገለገለ ሚኒባስ፣ አነስተኛ አውቶቡስ ወይም ጂፕ ገዝቶ ውስጡን በአናጺና በበያጅ ወደ ማስተካከል ይመጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከታገደ ወዲህ ደግሞ ምርጫው እዚሁ ካለው መካከል ነው። 20 ዓመት የሞላው መኪና መግዛት ግድ ከሆነ የተሠራበትን ዓመት ትቶ ሞተሩን፣ ቦዲውንና ክብደቱን ማየት ይሻላል።

ሐረጎ የሚጠይቀው

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ዳገት መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያገለገለ የናፍጣ መኪና ገመናው የሚወጣው እዚህ ዳገት ላይ ነው።

ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይቀንስበታል፤ ፋብሪካው 130 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈለት ሞተር ደሴ ሲገባ 100 አካባቢ ይዞ ነው። የከፍታ ማስተካከያ የሌለው የናፍጣ ፖምፓ ግን ይህን አያውቅም፤ ቆላ ላይ የሚረጨውን ናፍጣ ደጋም ላይ ይረጫል። ትርፉ ሳይነድ በጥቁር ጭስ ይወጣል። ስለዚህ ዳገት ላይ ነዳጅ ሙሉ ሲረገጥ የሚታይ ቀለል ያለ ጥቁር ጭስ ብቻውን ሞተሩ አልቋል አያሰኝም። እግር ከነዳጅ ሲነሣም የማይጠራ ጭስ ነው መጥፎው።

ሁለተኛው ነገር ሙቀት ነው። ውኃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን ጤነኛ ሆኖ 0.9 ባር ግፊት ከያዘ መፍያው ወደ 114 ዲግሪ ይወጣል። ክዳኑ ላልቶ ግፊት ካልያዘ ያ ሁሉ መጠባበቂያ ጠፋ ማለት ነው፤ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውኃው ይገነፍላል። ዳገት ላይ የሚፈላ መኪና ሁሉ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) የተሰነጠቀ ነው ብሎ መሸሽ አያስፈልግም፤ አንዳንዴ የጎደለው ክዳኑ ብቻ ነው። ይህን የሚያውቅ ገዢ በዋጋ ድርድሩ ላይ ጥሩ አድርጎ ይጠቀምበታል። ነገር ግን ሻጩ ለወራት ሲያፈላው ቆይቶ ከሆነ ቴስታታውም ተጎድቶ ይሆናልና አዲስ ክዳን ገጥሞ፣ መኪናውን እንደገና ዳገቱ ላይ አውጥቶ ማየት ይገባል።

ሦስተኛው ክብደት ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ አንዱ ሙሉ ገጽ ከ30 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አልጋና ቁም ሣጥን በዚህ ሲሠራ አራት ገጽ ያልቃል። 60 ሊትር ውኃ 60 ኪሎ ነው። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ወደ 30 ኪሎ ይጠጋል። የጋዝ ሲሊንደር፣ መለዋወጫ ጎማ፣ ፍራሽና ድስቱ ሲደመር ከ350 ኪሎ በላይ ሲሆን መንገደኞቹ ገና አልገቡም። ለአናጺው አስቀድመው 12 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ በቀጭን የብረት ፍሬም ላይ እንዲሠራ ይንገሩት፤ እሱ ጠንካራ ነው ብሎ ወፍራሙን ነው የሚመርጠው።

ይህ ክብደት ዳገት ላይ ያዘገያል፣ ቁልቁለት ላይ ግን ይገድላል። የናፍጣ ሞተር አየር የሚዘጋ ክዳን ስለሌለው እግር ከነዳጅ ሲነሣ እንደ ቤንዚኑ አጥብቆ አይዝም። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወረዳል። በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ደብረ ሲና ሳይደርስ ሸራው መሽተት ይጀምራል። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚመጥጥ ሲያረጅ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ወለል ይነካል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ዳገቱን በወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የሚለው የድሮ ሾፌሮች ደንብ ለተጫነ መኪና ዛሬም ይሠራል።

ዶልፊንና አባዱላ

ሁለቱም ቶዮታ ሃያስ ናቸው፤ ዶልፊን የድሮው፣ አባዱላ እ.ኤ.አ. ከ2004 ወዲህ የመጣው ቅርጽ። ገዢን ሊያሳስበው የሚገባው ግን ሞተሩ ነው። 2ኤል 2,446 ሲሲ፣ 3ኤል 2,779 ሲሲ፣ 5ኤል 2,986 ሲሲ ነው። ሦስቱም ቱርቦ የሌላቸው የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ የሚሞቱትም በተመሳሳይ በሽታ ነው፦ ውኃ ጨርሶ በማፍላትና ታይሚንግ ቺንጋን፣ ማለትም የቫልቮቹን መከፈቻ ጊዜ የሚጠብቀውን ቀበቶ፣ ሳይቀይሩ በመቆየት። ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር አለበት። ከተበጠሰ ቫልቭና ፒስቶን ይጋጫሉ፤ ቫልቭ ይጣመማል፤ ቴስታታ ይነሣል። 2ኤል አልጋና ውኃ ተጭኖበት ሐረጎን አብዛኛውን በሁለተኛ ማርሽ ነው የሚጨርሰው። ከ5ኤል በታች ባይገዙ እንመክራለን።

አባዱላ ላይ ሌላም ሞተር ይገኛል፦ 1ኬዲ፣ 2,982 ሲሲ፣ ቱርቦና ኮመን ሬል (ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ አሠራር) ያለው። ደሴ ላይ ሲነዱት ከ5ኤል ጋር የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል፤ ቱርቦው የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው ብዙም አይሰማውም። ዕዳው ሌላ ነው። ኢንጄክተሮቹ የሚቀመጡበት የመዳብ ቀለበት ሲያልቅ የቃጠሎው ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፤ ዘይቱ ይወፍራል፤ ከሥር ያለው የዘይት መሳቢያ ወንፊት በጥላሸት ይደፈናል፤ ግፊት ይወርድና ሞተሩ ይነክሳል። ይህን መኪና የሚገዛ ሰው የሞተሩን የታችኛውን የዘይት መያዣ አስፈትቶ ወንፊቱን በዓይኑ ሳያይ ገንዘብ አይክፈል። ኮመን ሬል ውኃ የነካው ወይም ከላምባ የተደባለቀ ናፍጣ አይችልም። ማደያ ባለበት መንገድ ብቻ ለሚጓዝ ሰው ችግር የለውም። ነዳጅ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በጀሪካን ለመሙላት የሚገደድ ግን 5ኤል ይያዝ፤ 5ኤል ብዙ ነገር ይችላል።

ውስጡን በተመለከተ፦ የመኪናው የውስጥ ወርድ 1.5 ሜትር አካባቢ ስለሆነ አልጋው በቁመት እንጂ በአግድም አይገባም። መደበኛ ጣሪያ ያለው ላይ ጎንበስ ብሎ መኖር ነው፤ ወገብ ለሚያመው ሰው ከፍ ያለ ጣሪያ ያለውን መፈለግ ግድ ነው። ሞተሩ ከፊት ወንበሮቹ ሥር ስለሆነ ባቲን አልፈው ወደ ሚሌ ሲወርዱ መቀመጫው ይግላል፤ የሙቀት መከላከያ ምንጣፉ ተነቅሎ የተጣለ መኪና ብዙ አለ። ታክሲ ሆኖ የኖረ ሃያስ ላይ ፍሪሲዮኑንና የተንሸራታች በሩን ሐዲድ ለይቶ መፈተሽ ያስፈልጋል። መለዋወጫና እሱን የሚያውቅ መካኒክ ግን እያንዳንዱ ከተማ አለ፤ ለሽማግሌ መንገደኛ ይህ ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

ሃርድቶፕ

የላንድክሩዘር 75 እና 78 የተለመደው ሞተር 1ኤችዜድ ነው፦ 6 ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ ቱርቦ የሌለው። የታወቀ ዕድሜ ረጅም ሞተር ነው። እሱም ታይሚንግ ቺንጋ አለው፤ ብዙ ሰው ሰንሰለት ወይም ጥርስ ነው ብሎ ስለሚያስብ ሳይቀየር 200,000 ያልፋል። 75ቱ ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ የቆመ ነው፤ 78ቱ ከፊት ሞላ አለው። ለወገብ 78ቱ ይሻላል። 78ቱ በብዛት ሁለት ባለ 90 ሊትር ታንከር ይዞ ይመጣል፤ ከወልድያ እስከ ላሊበላና ተመልሶ ደሴ ድረስ ማደያ ሳይፈልጉ መሄድ ያስችላል።

ሃርድቶፕ ገበያ ላይ የሚወጣው በአብዛኛው ከመሥሪያ ቤት፣ ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከአምቡላንስነት ነው። አምቡላንስ የነበረው ኪሎ ሜትሩ ዝቅ ያለ ሊመስል ይችላል፤ ቆሞ ሞተሩ የሠራበት ሰዓት ግን ቆጣሪው ላይ አይታይም። የፊት ጎማዎቹ ወደ ውስጥ በኩል ያለውን ክብ ብረት በባትሪ መብራት ይዩት። ደረቅ ከሆነ ጥሩ። በቀጭን ጥቁር ዘይት ከተነከረ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግሪሱ ጋር ተደባልቋል፤ ጎሚኖቹን (የዘይት ማሸጊያ ላስቲኮቹን) ማስቀየርና ኩሽኔታውን ማሳጠብ የሁለት ቀን ሥራ ነው። መኪናውን አያስጥልም፤ ዋጋውን ግን ይነካል።

የመኪናውን ጉልበት ከማየት በፊት የራስን ጉልበት ማየት ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ሃርድቶፕ ላይ መውጣት ለ65 ዓመት ሰው በቀን አሥር ጊዜ ሲደጋገም ቀላል አይደለም። ውስጡ ጠባብ ነው፤ ቁጭ ብሎ መብላት ይቻላል፣ መቆም አይቻልም። ደረጃ ማስበየድ ይረዳል። ጣሪያ ቆርጦ ማስነሣት የሚሉ አሉ፤ እዚህ አገር በሚገኘው የብየዳ ሥራ ክረምት ሲመጣ የሚያፈስ መኪና ሆኖ ይቀራል፣ ሊብሬውም ላይ ጣጣ ያመጣል።

ኮስተር

ኮስተር ላይም የሚፈለገው 1ኤችዜድ ነው። ሌላው 14ቢ፣ ወደ 3.7 ሊትር የሚጠጋ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሲሆን ታይሚንጉ በጥርስ ስለሚዞር የቺንጋ ጭንቀት የለበትም፤ ድምፁ ግን ይከብዳል። ረጅሙ ኮስተር 7 ሜትር ይጠጋል። አብዛኛው ሰው ውስጡ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ቋሚ አልጋ፣ ወንበርና ጠረጴዛ፣ ትንሽ መታጠቢያ ይገባል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌሊት ላይ የሚታይ ነገር ነው፦ ከአልጋው ተነሥቶ ወደ መሪው ለመሄድ በር መክፈት አያስፈልግም። ሌሊት ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚነሣ ሰው ይህን ያውቀዋል።

የኮስተር በሽታው ሞተሩ ላይ ሳይሆን ላሜራው ላይ ነው። ከጎን መስኮቶቹ ሥር፣ በኋላ ጎማዎቹ ቅስትና በፊት መስታወቱ ፍሬም ውስጥ ውኃ ይተኛል። ወንበሮቹ የታሰሩባቸው ሐዲዶች ሥር ወለሉ ከበሰበሰ አልጋ የሚታሰርበት ቦታ የለም። የኋላ ጎማው ጥንድ ስለሆነ የውስጠኛውን የሚያየው የለም፤ በሁለቱ መካከል የተሰነቀረ ድንጋይ ጎኑን ሲበላው ይከርማል። ጎሚስታ ጋ ሲደርሱ የውስጠኛውን ነፋስ አስለኩ። የፊት መስታወት ቢሰበር አብዛኛውን ጊዜ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።

ናፍጣው ደግሞ አለ። ተጭነው በተረጋጋ አነዳድ ሃያስ 5ኤል በ100 ኪሎ ሜትር 10 ወይም 11 ሊትር፣ ሃርድቶፕ ከ12 እስከ 14፣ ኮስተር ከ14 እስከ 17 ሊትር ይወስዳሉ። ደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ላይ በሃያስና በኮስተር መካከል ያለው ልዩነት ቢያንስ 24 ሊትር ይሆናል። በጡረታ ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ በዓመት ሲደመር ትንሽ አይደለም።

አይሱዙስ?

ኤንፒአር የማይሰበር መኪና ነው ይባላል፤ ውሸት አይደለም። 4ኤችኤፍ1 (4,334 ሲሲ) እና 4ኤችጂ1 (4,570 ሲሲ) ታይሚንጋቸው በጥርስ ይዞራል፤ የጭስ ማውጫውን የሚዘጋው የሞተር ፍሬን ቁልቁለት ላይ ሌሎቹ ብዙ ጊዜ የሌላቸው ሀብት ነው፤ መለዋወጫው ኮምቦልቻ ውስጥ በየሱቁ አለ። ነገር ግን ጭነት ለመሸከም የተሠራ ባሌስትራ ባዶውን ያነጥራል፤ ካቢኑና ሳጥኑ አይገናኙም፤ ሌሊት የሆነ ነገር ቢሰማ ወደ መሪው ለመድረስ ወጥቶ መዞር ግድ ነው። የጭነት መኪና ተብሎ ስለሚመዘገብም የሰዓትና የመግቢያ ገደቦች ያገኙታል። ሞተሩን ለማየት ካቢኑ ወደ ፊት ይደፋል፤ ውስጡ ያለው ቴርሞስና መነጽር ሁሉ አብሮ ይደፋል። ቅጥቅጡ፣ ማለትም እዚሁ ቦዲ የተሠራለት የአይሱዙ አውቶቡስ፣ ከሳጥኑ ይሻላል፤ ከፊት እስከ ኋላ ክፍት ነውና። ሆኖም የቱቦላሬ ብየዳው እየለቀቀ ይንኳኳል፤ ጥሩ ኮስተር ካጡ ብቻ ይመልከቱት።

ሲገዙ እንዴት ይፈተሻል

ለሻጩ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ እመጣለሁ፣ ሞተሩን እንዳታስነሣው ይበሉት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የደሴ ብርድ ካንዴሌታውን (ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ የሚያሞቀውን) እና ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን የአየር ግፊት) ያለ መሣሪያ ይፈትሻል። ሲደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጅ ይንኩት፤ ለብ ካለ ቀድሞ አስነሥቶታል፣ ምክንያቱን ይጠይቁት። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ ነጭ ጭስ ቢያወጣ ያልነደደ ናፍጣ ነው። ከሞቀ በኋላም የሚቀጥልና ሽታው ለስለስ ያለ ነጭ ጭስ ከሆነ ውኃ እየነደደ ነው፤ ጓርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው።

ሞተሩ ሞቆ በዝግታ ሲሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይፍቱና ገልብጠው ቀዳዳው አፍ ላይ ያኑሩት። ጤነኛ ሞተር ላይ ትንሽ ይርገበገባል እንጂ ከቦታው አይሄድም። የፒስቶን ፋሻው ያለቀ ሞተር ላይ ሽሮ እንደ ጣዱበት ድስት ክዳን ይንጣጣል፤ ከሥሩም ጭስ እንደ ትንፋሽ ይወጣል። ይህን ያዩ እንደሆነ ስለ ወንበሩ ልብስ ማማር አይነጋገሩ።

የራዲያተሩን ክዳን ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይክፈቱ። ውኃው የዛገ ቡና መስሎ ከታየ ባለቤቱ ዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲሞላ ኖሯል፤ የቴስታታው የውኃ መንገዶች ተበልተዋል ማለት ነው። ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞተሩ ሲነሣ ያለማቋረጥ አረፋ የሚፈላ ከሆነ ጋዝ ወደ ውኃው እየገባ ነው።

ኮምፕሬሽን ማስለካት ካሰቡ አንድ ነገር ይወቁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ወለል ነው። ደሴ ላይ ጤነኛ ሞተርም ከዚያ ሩብ ያህል አንሶ ይታያል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ሞተሩን ማስፈታት ሞኝነት ነው። መታየት ያለበት በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ5 ባር በላይ ከተለያዩ አንዱ ታሟል።

ለቦዲው ከተበላሸ ስፒከር የወጣች ማግኔት ትበቃለች። በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በሮቹን ከታች፣ የጎማ ቅስቶቹንና የጣሪያውን ጠርዝ ያስኬዷት። ደህናው ላሜራ ላይ ጧ ብላ ትለጠፋለች፤ ስቱኮ የሞላው ቦታ ስትደርስ እጅዎ ላይ ትቀራለች። አንድ ሁለት ቦታ ቢሆን ግጭት ነው፣ ይታለፋል። በሁለቱም ጎን ተመሳሳይ ቦታ ላይ ከሆነ ዝገት ነው። በአፋር በኩል ጨው ሲጭን የኖረ ወይም ወደቡ አካባቢ የከረመ መኪና ሻሲው ከውስጥ ስለሚበላ በመዶሻ ጀርባ እየመቱ ድምፁን ማዳመጥ ያስፈልጋል። የጎማውን ዕድሜ ጎኑ ላይ ያሉት አራት ቁጥሮች ይናገራሉ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ 8 ዓመት ያለፈው ጎማ ቁልቁለት ላይ ይፈነዳል።

ከዚያ ሐረጎን በሦስት ሰው ጭነት ያውጡት፣ ይመልሱትም። ሲወጡ የሙቀት መርፌው ከመካከል አልፎ መውጣት ከጀመረ ይቁሙ። በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሲረግጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ የማይጨምር ከሆነ ፍሪሲዮኑ እየተንሸራተተ ነው። ሲወርዱ በሁለተኛ ማርሽ እግርዎን ሙሉ በሙሉ አንሥተው፣ ትንሽ ቆይተው ነዳጅ ይርገጡ፤ ከኋላ የሚታየው የሰማያዊ ጭስ ብናኝ የቫልቭ ጎሚኖች ያለቁ መሆናቸውን ይነግራል። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ወርደው አራቱን ቸርኬዎች በእጅ ጀርባ ይጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከሆነ ፍሬኑ እየያዘ ነው፤ አንዱ ፍጹም ቀዝቃዛ ከሆነ ደግሞ ፍሬኑ አይሠራም።

ወረቀቱ

ሊብሬው ላይ ያለው የሻሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር አንድ በአንድ ይመሳከር። ከ2014ቱ ጦርነት በኋላ በዚህ አካባቢ ሞተር የተቀየረባቸውና ከሌላ መኪና አካል የተገጠመላቸው መኪኖች አሉ፤ በቁጥሩ ዙሪያ የመፋቅ ወይም የብየዳ ምልክት ካዩ ይተዉት። ከእርዳታ ድርጅት ወይም ከባለሀብት የሚገዛ መኪና ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዛወርም፤ ደላላው ይህን መጨረሻ ላይ ነው የሚናገረው። ባለ 12 መቀመጫ ሚኒባስም ሆነ ኮስተር በአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ አይነዳም። ወንበር አስነሥቶ አልጋ ማስገባት ደግሞ በሊብሬው ላይ ያለውን የመቀመጫ ብዛት ስለሚለውጥ አናጺ ከመጥራት በፊት ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄዶ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለቦሎ በሚቀርቡበት ጊዜ ይመልሱዎታል።

ውስጡ ሲሠራ

አይሱዙ፣ ብዙ ጊዜ ኮስተርም፣ በ24 ቮልት ነው የሚሠሩት፤ ሁለት ባለ 12 ባትሪ በተከታታይ ታስረው። ኤሌክትሪሺያኑ ለመብራትና ለስልክ 12 ቮልት ሲፈልግ ከአንዱ ባትሪ ላይ ብቻ ገመድ ይስባል። መኪናው ለጥቂት ሳምንታት ደህና ይሠራል። ከዚያ የተሳበበት ባትሪ ሁልጊዜ ጎዶሎ፣ ሌላው ሁልጊዜ ከልክ በላይ የተሞላ ይሆንና ሁለቱም ይሞታሉ። ትክክለኛው ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ ማስገባት ወይም ለቤቱ የራሱን ባትሪ በሶላር መሙላት ነው። 200 ዋት ሶላር በበጋ ደሴ ላይ በቀን ወደ 700 ዋት ሰዓት ይሰጣል፤ ለትንሽ ባለ 12 ቮልት ፍሪጅና ለመብራት ይበቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉሙ ሲወርድ ግማሹንም አይሰጥም፤ ፍሪጁን አጥፍቶ ቋንጣና በሶ መያዝ ነው።

የማብሰያ ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ቢያፈስ ወለሉ ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ የሚቀመጥበት ሣጥን ወለሉ ላይ ወደ ውጭ የሚወጣ ቀዳዳ ይኑረው። ከሰል ግን በምንም ምክንያት መኪና ውስጥ አይግባ፤ ረመጡ ጠፍቷል ብለውም ቢሆን። ቡናው ውጭ ይፈላ። በናፍጣ የሚሠራ የመኝታ ማሞቂያ የሚያስመጡ ሰዎች አሉ፤ የከፍታ ማስተካከያ የሌለው ከሆነ እዚህ ከፍታ ላይ በጥላሸት ተደፍኖ ይቆማል። ጋቢ እና ጥሩ ብርድ ልብስ ይበልጡታል። ሲተኙ በሁለት ጎን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተው፤ አለዚያ ጠዋት ጣሪያው በላብ ያንጠባጥባል፣ ኮምፔርሳቶውም በዓመቱ ያብጣል።

ለማደር ጥበቃ ያለው የሆቴል ግቢ ወይም ትልቅ ማደያ ይምረጡ፤ ጉዞው በቀን ይሁን፤ ከመነሣትዎ በፊት መንገዱን ከዚያ በኩል የመጣ ሾፌር ይጠይቁ።

መኪናው ከተገዛ በኋላ በመጀመሪያው ሳምንት የሚቀየሩ ነገሮች ሻጩ ምንም ቢልዎ የማይታለፉ ናቸው፦ የሞተር ዘይትና ማጣሪያ (5ኤል ወደ 6፣ 1ኤችዜድ ወደ 10 ሊትር ይወስዳል)፣ የናፍጣ ማጣሪያ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ቱቦዎችና ክዳን፣ ታይሚንግ ቺንጋውም ከነማወጠሪያው። ለዚህ ከመኪናው ዋጋ 15 በመቶ ያህል ለይቶ ሳይነኩ ማስቀመጥ ይበጃል። የናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን የውኃ ማፍሰሻ በየወሩ በጠርሙስ ላይ ይክፈቷት፤ ከናፍጣው ሥር የሚዘቅጥ ጥርት ያለ ነገር ካዩ ውኃ ነው፣ የሞሉበትን ማደያ ይቀይሩ። ቺንጋው የተቀየረበትን ኪሎ ሜትርና ቀን በማይለቅ ቀለም ጽፈው ኮፈኑ ሥር ይለጥፉት፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቺንጋ ቀይር እያለ የሚበራው መብራት አምፖሉ ከተነቀለ ቆይቶ ይሆናል።